ለስፔር የተገዛው ሰዓት

«ሰዓት ሠሪውን ጠይቁ»፦ የአንባቢያን ዓምድ፣ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ሳቢያን ነው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባቡር ላይ ኮንትሮለር ነበሩ። የተዉልኝ ሴኮ ፋይቭ ሰዓት ቆሟል። ብነቀንቀውም ድምፅ የለውም። ክዳኑን አስከፍቼ ሳየው በቁልፉ በኩል ዝጓል። አንድ ጓደኛዬ «ተመሳሳይ አሮጌ ፈልገህ ለስፔር ግዛ» አለኝ። ታይዋን ገበያ ዞሬ በ700 ብር አንድ አገኘሁ። መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ፊቱ ነጠብጣብ አለበት፣ ሴኮንድ ቆጣሪውም የለም። ግን ጋሼ፣ ነቅነቅ ሳደርገው ይሠራል! ሁለቱም ክዳን ላይ 7009 የሚል ቁጥር አለ። የአባቴ ላይ ደግሞ በ82 የሚጀምር ስድስት አሃዝ ተጽፏል። አሁን ግራ ገባኝ። የገዛሁትን አራግፌ የአባቴን ላድን? ወይስ እሱንም ልጠግነው? ራሴ ልሞክረው ብልስ? የሞባይል ጥገና ተምሬያለሁ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም።

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ እንደ ባለሙያ፣ አንዴ እንደ ጥፋተኛ። በዚህች ጠባብ ሱቄ ስንት ደህና ሰዓት «ይሄማ ለስፔር ነው» ብዬ እንዳራገፍኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

አንዱን ግን ሳላራግፍ ቀረሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ የወረደ ጊዜ አንተ ልጅ ነበርክ፤ ግን ድሬ አድገህ ሳትሰማ አትቀርም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ ጎረምሳ በፌስታል 11 ሰዓት ይዞልኝ መጣ። ከጭቃ ውስጥ የተለቀመ ነው አለ። የማን ነው ብለው መልስ አልነበረውም። ካልገዛሁት ሌላ ጋ ይሄዳል ብዬ ፌስታሉን እንዳለ ገዛሁት። አሥሩ አፈር በልቷቸዋል። አሥራ አንደኛው ሴኮ ነበር፤ ልክ እንዳንተ 7009። ባለቤቱ ቢመጣ ብዬ ሁለት ዓመት በኒዶ ጣሳ ውስጥ አቆየሁት። ማንም አልመጣም።

ከዚያ አንድ ደንበኛ ባላንሱ፣ ወዲያና ወዲህ እያለ ሰዓቱን የሚመታው ትንሹ ክብ ጎማ፣ የተሰበረ ሰዓት አመጣ። ጣሳዬን ገለበጥኩ። ጭቃውን በጥርስ ብሩሽ አራግፌ ክዳኑን ስከፍተው ውስጡ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ክዳኑ ሥር ውሃ የሚከለክለው ጎሚኒ እንደ ሬንጅ ተጣብቆ ዙሪያውን ደፍኖታል። ነቅነቅ ሳደርገው ባላንሱ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። ወረንጦውን ይዤ ትንሽ አየሁት። ከዚያ ወረንጦውን አስቀመጥኩ። ለደንበኛው ስፔር ሌላ ቦታ ፈለግሁለት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ ፊቱን ያዞራል። ሰዓቱ አሁን እጄ ላይ ነው። በቀን 15 ሴኮንድ ያህል ይቀድማል። አልሸጥሁትም።

እንግዲህ የምመክርህ ሰው ገለልተኛ እንዳልሆነ ይህን አውቀህ ስማኝ።

መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር እንጨርስ። 7009 የማሽኑ ስም ነው። ግን ክዳን ከሰዓት ሰዓት ይቀያየራል፤ ድሬ ውስጥ ደግሞ ክዳን ያልተቀየረበት አሮጌ ሰዓት ማግኘት ራሱ ዕድል ነው። ስለዚህ ክዳኑን አትመን፤ ማሽኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በማጉያ አንብብ። ሁለቱም ማሽን 7009 ካለ እቃቸው ይገጣጠማል። ስድስቱ አሃዝ ደግሞ የልደት ወረቀቱ ነው። የመጀመሪያው የዓመቱ መጨረሻ አሃዝ ነው፣ ሁለተኛው ወሩ። 82 ማለት በፈረንጅ የ1978 ወይም የ1988 ፌብሩዋሪ ነው። በእኛ 1970 ወይም 1980፣ የካቲት አካባቢ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሰዓቱ አይነግርህም፤ እናትህ ካሉ ጠይቃቸው። አባትህ ሰዓት የገዙበትን ዓመት ሚስት አትረሳም።

ይህ ማሽን 17 ድንጋይ አለው፤ ብዙዎቹ የጥርሶቹ ዘንግ ጫፍ የሚዞርባቸው ባለ ቀዳዳ ድንጋዮች ናቸው። በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል፤ በሴኮንድ ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ቁልፉን በማሽከርከር አይሞላም። ይህን የማያውቅ ሰው ቁልፉን ሲያሽከረክር ውሎ «ሞላው ተበጥሷል» ብሎ ያመጣልኛል። የሚሞላው እጅህ ሲወዛወዝ፣ ውስጡ ያለው ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ብረት ሲዞር ነው። ከሥሩ ሁለት ጥፍር ያለው ቀጭን ብረት አለ። ጨረቃው ወደ ቀኝም ዞረ ወደ ግራ፣ አንዱ ጥፍር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ሞላው ይሞላል። ሴኮዎች ይህን ያወጡት በፈረንጅ በ1959 ነው። አቦ፣ እኔ ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላየሁም።

አሁን ወደ ጥያቄህ። የትም ብትወስደው የመጀመሪያው መልስ «ማሽን ቅየራ» ይሆናል። የ700 ብሩን ማሽን እንዳለ አውጥቶ አባትህ ቀፎ ውስጥ መክተት፣ የአባትህን ፊትና ቆጣሪዎች ከላይ ማድረግ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሰዓቱም ይሠራል። ነውር የለበትም፤ እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ግን አባትህ ከድሬ ጅቡቲ ሲመላለሱ እጃቸው ላይ ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረው ያ የዛገው ማሽን ነው። የምታስቀይር ከሆነ አሮጌውን ማሽን ተቀብለህ ውጣ። ካልጠየቅህ አይሰጥህም።

እኔ ብሆን ዝገቱ የት ድረስ እንደገባ አያለሁ። በቁልፉ በኩል ነው ብለሃል። ይህ ደስ የሚል ዜና ነው። ላብና ውሃ የሚገባው በቁልፉ ዘንግ ቀዳዳ ነው። እዚያ ያለው ዘንጉ፣ ዘንጉን የሚይዘው ምላስ፣ ሲሳብ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተተው ትንሽ ጥርስ ነው። ዝገቱ እዚያ ከቆመ ሦስት አራት እቃ ቀይረህ ትገላገላለህ። እነዚህን ለማግኘት የሚሠራ ሰዓት አይታረድም። ታይዋን ተመለስና በእውነት የሞተ 7009 ፈልግ። ፊቱ የተላጠ፣ ቀፎው የተበላ፣ ብትነቀንቀው ዝም የሚል። ለሚተነፍስ ሰዓት 700 ከፍለሃል፤ ለሬሳ ከ200 በላይ እንዳትከፍል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ካለህ ሳቅና ሂድ፤ ይጠራሃል።

ሬሳው ሁለት ጥቅም አለው። እቃ ይሰጥሃል፣ ትምህርት ቤትም ይሆንሃል። እሱን አምስት ጊዜ ፈትተህ አምስት ጊዜ ሳትገጥም የአባትህን እንዳትነካ። ዝገቱ አልፎ ባላንሱ ላይ ያለችውን ፀጉር የመሰለች ጥቅልል ሽቦ ከነካ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዛገች ሽቦ ብታጸዳትም ሰዓት አትጠብቅም። ከሬሳው ደህና ካልተገኘ፣ ያን ጊዜ የ700 ብሩን ባላንስ ብትወስድ አልፈርድብህም።

የሞባይል ጥገና መማርህ በግማሽ ይጠቅምሃል። ማጉያና ወረንጦ ለምደሃል። ግማሹ ግን ይጎዳሃል፤ የሞባይል ሠሪ እጁ ሁልጊዜ ወደ አልኮል ነው የሚሄደው። ባላንሱን የምትገፋው ትንሽ ሹካ ጫፎቿ ላይ ሁለት ቀያይ ድንጋዮች አሉ። የተጣበቁት ሼላክ በሚባል ሙጫ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈሃት ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ድንጋዮቹ ዕቃው ሥር ወርደው ታገኛቸዋለህ። እኔ እንዴት አወቅሁ አትበለኝ። የመኪናውን ሳይሆን ንጹሕ የላይተር ቤንዚን ተጠቀም፤ መስኮት ከፍተህ፣ ሲጋራም ምድጃም በሌለበት። የድንጋዮቹን ቀዳዳ ለማጽዳት የጥርስ መፋቂያ እንጨት ያልታኘከውን ጫፍ እንደ መርፌ ቅረጽና ቀዳዳው ውስጥ አዙረው። ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ እንደገና ቅረጽ፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ።

ከመፍታትህ በፊት ሞላው ውስጥ የቀረውን ጉልበት ቀስ አድርገህ አስወጣ። ሹካዋን ሞላው እንደሞላ ካነሳሃት ጥርሶቹ በአንዴ ይፈተለካሉ፤ ቀጫጭን ጫፋቸው ይሰበራል። ለየእርምጃው በስልክህ ፎቶ አንሳ። እቃውን ነጭ ሳህን ላይ በተራ ደርድር። አቧራ በአፍህ አትንፋ፤ ምራቅህ ነገ ዝገት ነው።

ስለ ድሬ ሙቀትም ልንገርህ፤ ይህን ሌላ ቦታ የሚጽፍልህ የለም። ቬንትሌተር እየነፈሰ ሰዓት አይፈታም። ከባላንሱ ድንጋይ በላይ ያለችው መያዣ ከሰናፍጭ ፍሬ ታንሳለች፤ ነፋሱ ይዟት ይሄዳል፣ ደግመህ አታያትም። ቬንትሌተሩን ስታጠፋ ደግሞ ላብህ ማሽኑ ላይ ይንጠባጠባል። መፍትሔው ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሥራ፣ ከዚያ ሳህኑን በብርጭቆ ክደነው ተነሳ። ከሰዓት በኋላማ እንዳትሞክር። በርጫ ላይ ሆነህም አትፍታ። ምርቃና ላይ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል፤ የሚቀረው ግን የተበተነው እቃ ነው።

ዘይት ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ሐረር መኪና ግርግር ላሉት ሰፊዎች ነው የሚሆነው። ሰዓት ውስጥ ተስፋፍቶ ከቀዳዳው ይሸሻል፣ ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ሙጫ ይሆናል። የሰዓት ዘይት ግዛ፤ ትንሽ ጠርሙስ ዕድሜህን ይበቃሃል። የምትነካውም በቀጭን መርፌ ጫፍ ነው፤ ያየኸው ከመሰለህ በዝቷል። የሹካዋን መዞሪያ ጫፎች ግን ዘይት አታስነካቸው፤ ደረቅ ነው የሚሠሩት።

የ700 ብሩስ? እሱንም ጠግነው። ሥራው ቀላል ነው። ሴኮንድ ቆጣሪውን ከሬሳው ውሰድ። መስታወቱን በጥርስ ሳሙና ፍተገው የሚልህ አይጠፋም፤ ያ ለፕላስቲክ መስታወት ነው፤ ያንተ ጠርሙስ ነው፣ ያውም ተሰንጥቋል። ወርዱን በካሊፐር ለካና አዲስ አስገባ። ጎሚኒውንም ቀይር። ፊቱ ላይ ያለውን ነጠብጣብ ተወው። ውሃም፣ ጥጥም፣ ጣትህንም አታስነካው፤ ጽሑፉ ከነጠብጣቡ ቀድሞ ነው የሚለቀው። «እንደ አዲስ ቀለም እንቀባልህ» ለሚሉህም እምቢ በል። እኔ ነጠብጣብ ያለበት የራሱ ፊት ከሚያብረቀርቅ የውሸት ፊት ይሻለኛል። የእኔው የደቻቱ ሰዓት ከ6 ቁጥር በታች የቡና ጠብታ የሚመስል ነገር አለበት፤ ሰው ሲያየው ቡና የደፋሁበት ይመስለዋል።

ሁለቱም ከሠሩ በኋላ ሦስት ቀን በተራ አድርጋቸውና በስልክህ አመሳክር። ይህ ማሽን በቀን 518,400 ጊዜ ይመታል። ጥቂት ሴኮንድ ቢስት አትፍረድበት። በጣም ከሳተ ባላንሱ አጠገብ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ምላስ አለች፤ በፀጉር ስፋት ብቻ ግፋት። ውሃ ግን አታስነካቸው፤ «ዋተር» ብሎ የተጻፈው ጎሚኒው አዲስ ለነበረበት ጊዜ ነው።

ሬሳ ታይዋን ካጣህ ወደ ከዚራ ብቅ በል። ጣሳዬ ባዶ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ያደስኩት አሮጌ ሰዓቴ ቀኑን የሚለውጠው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የሠራልኝን ልጅ ብጠይቀው «ይሄ የፋብሪካ ነው» ብሎ ሸኘኝ። ደግሞ አንዳንዴ የቀኑ ስም በአረብኛ ይወጣል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ አልተበላሸም። ልጁም እውነቱን ነው፤ ማብራራት ነው የሰነፈው። ማሽኑ የሚያውቀው ፊቱ ላይ 12 በሞላ በየሁለተኛው ዙር ቀን መለወጥን ብቻ ነው። ፈረንጅ ያንን 12 እኩለ ሌሊት አድርጎታል። የእኛ 12 ሲነጋና ሲመሽ ነው። ስለዚህ በሀገራችን አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ወይ ጠዋት ወይ ማታ ቀኑን ይለውጣል። የእርስዎ ጠዋት ላይ ገጥሞታል። ሲነጋ ቀኑ አብሮ መለወጡ እኔን ደስ ይለኛል። ማታ ይሁን ካሉ፣ ቆጣሪዎቹን 12 ሰዓት ሙሉ ወደፊት ያዙሩ። የእስልምናው ቀን ከመግሪብ ስለሚጀምር ጀጎል ውስጥ ያሉ ደንበኞቼ ብዙዎቹ እንደዚያ ያስደርጉኛል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ቀን በሚለውጥበት ዙር፣ ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው መካከል ሲሆን ቀኑን በቁልፉ አይቀይሩ። ለእርስዎ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ጥርሶቹ ተያይዘዋል፤ ሲገፏቸው ይሰበራሉ። እቃው ፕላስቲክ የሆነበት ሰዓትም አለ።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ከሞሉት ደግሞ ሰዓቱ እስከ 31 ነው የሚቆጥረው፤ የእኛ ወር በ30 ያበቃል። በየወሩ 31ን ያዘሉት። ጳጉሜን ሲያልቅም እንደገና እስከ 1 ድረስ ያዙሩት። በዓመት 13 ጊዜ ማለት ነው። እኔ ሰነፍ ስለሆንኩ የእኔ ሰዓት ቀን ሁልጊዜ የተሳሳተ ነው።

አረብኛው ስህተት አይደለም። የቀን ስሙ ያለበት ሰሌዳ በሁለት ቋንቋ ነው የተጻፈው፤ አንዱ እንግሊዝኛ፣ አንዱ አረብኛ። ለዐረብ አገር ገበያ የተሠሩ ናቸው። ቀን ሲለወጥ በመካከል ሌላውን ቋንቋ አሳይቶ ያልፋል። በአረብኛ ላይ ከቆየ አንድ እርምጃ ብቻ ይግፉት።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ። ለስፔር ብዬ አንድ የድሮ የስዊስ ሰዓት ገዛሁ። ቁጥሮቹና ቆጣሪዎቹ ላይ ቡናማ የሆነ ቀለም አለ። ድሮ በጨለማ ያበራ ነበር ይሉኛል፤ አሁን አያበራም። ፍቄ በአዲስ ቀለም ልቀባው?

መልስ፦ አትፋቀው! ያ ቀለም ራዲየም ሊሆን ይችላል። እስከ 1960ዎቹ በፈረንጅ ድረስ የሰዓት ፊት በእሱ ይቀባ ነበር። ማብራቱን ያቆመው አብሮት የተቀላቀለው የሚያበራው ዱቄት ስላለቀ ነው። ራዲየሙ ግን አላለቀም፤ ግማሹ ለማለቅ እንኳ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። ቆዳህን ነካ ማለት አይደለም አደጋው። ስትፍቀው አቧራ ይሆናል፣ አቧራውን ትተነፍሰዋለህ፣ ወይም ከእጅህ ወደ እንጀራህ ይሄዳል። ክዳኑንም መስታወቱንም አትክፈት። ከፍተህ ከሆነ የሠራህበትን ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ መጥረጊያና ብሩሽ አታንሳ፣ አቧራውን ያስነሳዋልና። ጨርቁን በፌስታል ቋጥረህ ጣለው፣ እጅህን በሳሙና ታጠብ። ሰዓቱን ለብቻው፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ፣ የምትተኛበት ክፍል ሳይሆን ሌላ ቦታ አስቀምጠው። ማሽኑን ለስፔር የምትፈልገው ከሆነም ይቅርብህ። ሌላ ፈልግ።